ቀለበቱ ሳይመታ የተሰመረ መስመር

ውድ ጋሽ ቆራጭ፣

ተማሪዎችህ ባወጡልህ ቅጽል ስም ስጠራህ እንደምትቆጣ አውቃለሁ። ተቆጣ። ከተቆጣህ ቢያንስ ነቅተሃል ማለት ነው። እኔ በደወልኩ ቁጥር አንተ ተኝተሃል። ጠዋት ስደውል ተኝተሃል፤ ከምሳ በፊት ስደውል ተኝተሃል፤ ፀሐይ አናት ላይ ወጥታም ተኝተሃል። እህትህ እትዬ "ተኝቷል" ሲሉኝ ከጀርባቸው ሳልህ ይሰማኛል። ይህን ሁሉ ዓመት አጠገቤ ሲያስል ያደረን ሰው ሳል የማልለይ መሰለህ እንዴ?

ስልኩ ካልሆነ ደብዳቤ ልጻፍ አልኩ። ደብዳቤም የሚያነብልህ ሰው እንደሚፈልግ ትዝ ያለኝ ወረቀቱን ካዘጋጀሁ በኋላ ነው። እስከ ዛሬ አንባቢ ፍለጋ ከቤት ወጥተን አናውቅማ። አሁን ግን እኔ እዚህ፣ አንተ እዚያ፤ እዚያ ቤት ደግሞ ከእህትህ ሌላ የሚያነብ የለም። እንግዲህ ለባሌ የምጽፈው የመጀመሪያ ደብዳቤ በእህቱ አፍ ሊነገረው ነው።

እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? እንደማይወዱኝ አውቃለሁ። እንደማውቅም ያውቃሉ፤ ስለዚህ በዚህ በኩል እኔና እርስዎ የምንደባበቀው ነገር የለም። አንድ ነገር ብቻ እለምንዎታለሁ። የተጻፈውን እንዳለ ያንብቡለት። እርስዎን የሚነካ ቦታ ሲደርሱ አይዝለሉ፤ እኔን የሚያሳፍር ቦታ ሲደርሱም ድምፅዎን ከፍ አያድርጉ። ደግሞ መነጽርዎን ያድርጉ። ያለ መነጽር ሲያነቡ ግማሹን በግምት እንደሚሞሉት እሱም ያውቃል።

ወደ አንተ ልመለስ። የት እንደምጀምር ብዙ አሰብኩ። ከእጅ ጽሑፍ ልጀምር።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ መስኮቱ ሥር ካለው ጠረጴዛ ጋ እንደ ወትሮህ ለእኔ ጀርባህን ሰጥተህ የተማሪ ወረቀት ታርም ነበር። እኔ አልጋው ላይ ልብስ አጥፋለሁ። ድንገት ሳትዞር "የዚህ ልጅ ጽሑፍ ዶሮ የጫረው ነው የሚመስል፤ እስቲ አንብቢልኝ" አልከኝ። መጥቼ አነበብኩልህ። ሆስፒታል ካርድ ክፍል የምሠራ ሴት ነኝ፤ የሐኪም ጽሑፍ አንብቤ የምኖር ሰው በተማሪ ጽሑፍ አልቸገርም። የልጁ ጽሑፍ ግን ምንም አልነበረበትም። ከብዙ ሐኪሞች ጽሑፍ ይሻል ነበር። ዝም ብዬ አነበብኩልህ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ የሌላ ልጅ ጽሑፍ ተበላሸ። ከዚያ የሁለት ልጆች። ክረምቱ ሲገባ የክፍሉ ተማሪ በሙሉ ጽሑፉ የማይነበብ ሆኖ አረፈው። አንተም "የዘንድሮ ልጆች!" ትላለህ፤ እኔም "እውነትህን ነው፣ ምን እንደነካቸው" እላለሁ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። እኔ ሆስፒታል እየሠራሁ አንተ እንዳላውቅብህ ከተማውን አቋርጠህ ሌላ ሆስፒታል ሄደህ መጣህ። "ምን አሉህ?" ስልህ "ጠብታ ሰጡኝ" አልከኝ፤ ጨዋታውም በዚያው አለቀ። ጠብታው መስኮቱ ላይ ተቀመጠ። ሲያልቅ ሌላ ተተካ። እኔ የሻይህን ብርጭቆ ሁልጊዜ ከቀኝህ ማስቀመጥ ጀመርኩ፤ ወንበር ከቦታው እንዳይነሳ ተጠነቀቅሁ፤ አንተም ለምን ብለህ አልጠየቅኸኝም። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የእኛን ዝምታ ግን ነቀዝ እየበላው እንደነበር አሁን ይገባኛል።

ለእትዬ ሥራችንን ላስረዳ፤ እሳቸው እኔ አንተን በር ዘግቼብህ የኖርኩ ነው የሚመስላቸው።

እትዬ፣ ወንድምዎ የጀማሪዎችን እንግሊዝኛ ነው የሚያስተምረው። እዚያ ክፍል ዓመቱን በሙሉ የሚለፋው ልጆቹ አንድን ዓረፍተ ነገር ለሁለት መክፈል እንዲችሉ ነው። ፊተኛው ቁራጭ ስለ ማን ወይም ስለ ምን እንደሚወራ ይነግረናል፤ እሱ ሰብጀክት ይባላል። የቀረው ስለዚያ ሰው ወይም ስለዚያ ነገር ምን እንደተባለ ይነግረናል፤ እሱ ደግሞ ፕረዲኬት ነው። ልጆቹ ወረቀታቸው ላይ ዓረፍተ ነገር ይጽፋሉ፤ ሁለቱ በሚለያዩበት ቦታ ቀጥ ያለ መስመር ያሰምራሉ። እሱ "የት ይቆረጣል?" እያለ ሲጮህ ከመንገድ ይሰማል። ቆራጭ ያሉትም ለዚህ ነው። ሌላ የቆረጠው ነገር የለም።

ሁለታችን ስንሠራ እንዲህ ነበር። እኔ ቀይ እስክሪብቶ ይዤ አጠገቡ እቀመጣለሁ። ዓረፍተ ነገሩን ቀስ ብዬ፣ የልጁን መስመር ሳልናገር አነባለሁ። እሱ ግራ እጁን ጠረጴዛው ላይ ያኖራል። መቆረጫው ቦታ ስደርስ የጋብቻ ቀለበቱን እንጨቱ ላይ አንዴ ይመታል፤ ቶክ። ልጁ ያሰመረው እዚያው ቦታ ከሆነ አልነካውም። ሌላ ቦታ ከሆነ በቀዩ አሰምርለታለሁ። ይኸው ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቤታችን ውስጥ ሲደረግ የነበረው ይኸው ነው።

መጀመሪያ ላይ እንዴት እንደነበርኩ ታስታውሳለህ? የካርድ ክፍል ድምፄን ይዤ መጥቼ ዓረፍተ ነገሩን እጮህበት ነበር። "አንቺ ሴት፣ በሽተኛ እየጠራሽ ነው እንዴ? ይሄ እኮ ተነስቶ አይመጣልሽም" አልከኝ። ሳቅሁ። በማግስቱ ካርድ ክፍል ተቀምጬ ስም ስጠራ ደግሞ ከስሙ በኋላ ቆም እያልኩ ቶክ እስኪል ስጠብቅ ራሴን ያዝኩት። ወረፋ የያዙት ሰዎች ምን ሆነች ብለው ያዩኝ ነበር።

ማስተማርም አልተውከኝም። "ዘ ቦይ ኢን ዘ ሬድ ሸርት ኢዝ ማይ ብራዘር" የሚለውን ሳነብልህ፣ ቦይ የሚለው ላይ ስደርስ እጅህን አየሁ፤ አልተንቀሳቀሰም። "ልጁ መጣ እኮ፣ ለምን አትመታም?" አልኩህ። "ልጁ ብቻውን አልመጣም" አልከኝ። "ቀይ ሸሚዝ ለብሶ ነው የመጣው። ሰብጀክት ጓዙን ይዞ ነው የሚመጣው፤ ጓዙን አስገብቶ እስኪጨርስ በሩን አትዝጊበት።" ካርድ ክፍል ግን ጓዝ የሚባል ነገር የለም። ስም ትጠራለህ፣ ሰው ይነሳል፣ አለቀ። ስለዚህ ሁልጊዜ ስሙ ላይ እቸኩላለሁ፤ አንተ ደግሞ ሁልጊዜ "ጓዙስ?" ትለኛለህ።

ያቺ ከፊት የምትቀመጠው ልጅ የጻፈችውን አልረሳውም። "ጠረጴዛው አባቴን እየጠበቀ ነው" ብላ በእንግሊዝኛ ጽፋ ነበር። እስክታስል ሳቅህ። ከዚያ ሳቅህን አቆምክ። አባቷ እንደሌለ ታውቅ ነበር፤ እኔ አላውቅም ነበርና ነገርከኝ። "ጠረጴዛ ይጠብቃል እንዴ? ስህተት ልበላት?" ብዬ ጠየቅሁህ። "አይ፣ ልክ ነው። ሰብጀክት አለው፣ ፕረዲኬት አለው። እውነት ነው አይደለም የሚለውን የሚያጣራው ሌላ መሥሪያ ቤት ነው" አልከኝ። ቀለበቱንም አለወትሮህ በቀስታ መታኸው።

አሁን የሚያሳፍረው ቦታ ደረሰ። እትዬ፣ የለመንኩዎትን አይርሱ።

ደስ ይለኝ ነበር። ዓይንህ እየጠፋ ሳለ እኔ ደስ ይለኝ ነበር። ከዚያ በፊት የማውቀው ጀርባህን ነው። ከትምህርት ቤት ትመጣለህ፣ ጠረጴዛው ጋ ትቀመጣለህ፣ ጀርባህ ለእኔ ነው። እራት ትበላለህ፣ ትተኛለህ፣ ይነጋል። ክፉ ባል አልነበርክም፤ ሰው ጀርባውን ስለሰጠ ክፉ አይባልም። ጽሑፉ ሁሉ ሲበላሽ ግን ወንበርህን አዞርክልኝ። ትከሻችን እየተነካካ ተቀመጥን። የማን ልጅ እህት እንደወለደች፣ የማን ልጅ ቤት እንደለቀቀ ከዓረፍተ ነገሮቻቸው እየለቀምን አወራን። እኔና አንተ ልጅ የለንም፤ ቅዳሜ ከሰዓት ግን ቤታችን ልጅ በልጅ ይሆን ነበር። ጠብታው ባይሠራ፣ እንዲህ ሆነን ብንቀር ብዬ ያሰብኩበት ቀን አለ። በባሏ መከራ ቤቷ የሞቀላት ሴት ሌላም ትኖር ይሆን? ለማንም ተናግሬው አላውቅም፤ አሁን ግን እህትህ እያነበቡልህ ነው።

እንግዲህ ወደዚያ ቀን ልምጣ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የነገርከኝ፤ ያን ዕለት ከሰዓት፣ ኮትህን ሳታወልቅ። እኔም ደግሜ አልጠየቅሁህም።

ከበላይ ቢሮ የመጣው ሱፐርቫይዘር ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር። ትምህርቱ ጥሩ ይሄድ ነበር፤ አንተ ትናገራለህ፣ ልጆቹ እያነበቡ መቆረጫው ላይ ያጨበጭባሉ። ድንገት ሰውዬው ተነሳ። አንድ ቃል ሳይናገር ጠመኔ አንስቶ ሰሌዳው ላይ ጻፈ። የጠመኔው ድምፅ ሲሄድ ሰማህ፤ የጻፈውን ግን ማን ይንገርህ። "መምህር፣ እስቲ ይቺን ይክፈሉልን" አለህ። አንተ ሳትናገር፣ ማንም ሳያዛቸው፣ ክፍሉ በሙሉ ዓረፍተ ነገሩን ባንድ ድምፅ አነበበው። እንዲህ አድርጉ ብለህ አስተምረሃቸው አታውቅም። በር ላይ ስለቆመ አንድ ሽማግሌ ዳቦ ሻጭ የሚያወራ ረጅም ዓረፍተ ነገር ነበር። መቆረጫውን ወዲያው አወቅኸው። ያላወቅኸው ሰሌዳው ላይ የት ጋ እንዳለ ነው። እጅህን አንስተህ ገመትክ፤ ወደ ታች አሰመርክ። ጠመኔው ሰሌዳው ላይ አልሄደም፤ ሻካራው ግድግዳ ላይ ነው የሄደው። "ድምፁ እኮ ይለያል" አልከኝ።

ከዚያ አንዱ ልጅ "ትክክል ነው ጋሼ!" አለ። ሌሎቹም ተከተሉት። "ትክክል! ትክክል!"

"አስተማሪያቸው ነኝ፤ ትክክል የምለው እኔ ነበርኩ" አልከኝ። "ዋሹልኝ። ሕፃናት አዘኑልኝና ዋሹልኝ።" ኮትህን ሳታወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥክ። አንድ ነገር ልልህ ፈለግሁ፤ ሻይ አቀረብኩልህ። ከቀኝህ።

ዳይሬክተሯ ክፉ አልተናገረችህም። እስከ ዕረፍቱ ድረስ እቤትህ ሁን፣ ከዚያ እንነጋገራለን አለችህ። የቀረህ ሥራ ቢኖር ቀድመህ የተረከብከው የፈተና ወረቀት ነበር። ቅዳሜ መጣ። እንደ ወትሯችን ተቀመጥን።

ማንበብ ጀመርኩ። ከመቆረጫው ቦታ አልፌ ሄጄ፣ ዓረፍተ ነገሩን ጨርሼ እንደገና ሳነብልህ ነው ቶክ የሚለው፤ ያውም እንደ ተጠራጠረ ሰው፣ ስስ ብሎ። አንተ ተጠራጥረህ መትተህ አታውቅም። በሚቀጥለው ወረቀት ደግሞ ያው። አንጀቴን በላኸው። መጠበቁን አልቻልኩትም። ስለዚህ ሳትመታ አሰመርኩ። እስክሪብቶው ወረቀቱ ላይ ሲሄድ ሰማህ፤ ለአንተ የማይሰማ ነገር የለማ። እጅህን ከጠረጴዛው ላይ አነሳህና ጭንህ ላይ አስቀመጥከው። እኔ ጅል ማንበቤን ቀጠልኩ። ካቆምኩ የባሰ መሰለኝ። አነባለሁ፣ አሰምራለሁ፣ አነባለሁ፣ አሰምራለሁ፤ እስከ መጨረሻው ወረቀት። ስጨርስ "በቃ" አልክ። "አንቺ ትበቂያለሽ።" ቀለበቱን አውጥተህ ጠረጴዛው ላይ አኖርከው።

በማግስቱ ጠዋት እትዬ ታክሲ ይዘው መጡ። ልብስህን ራስህ እየዳበስክ አጠፍክ፤ አላስነካኸኝም። እትዬ በር ላይ ቆመው ያሉኝን ይድገሙት፣ ጽፌዋለሁ፦ "ወንድሜ ዓይን በነበረው ጊዜ ባልሽ ነበር፤ ዓይኑ ሲጠፋ ትርፍ ሰው አደረግሽው።" መልስ አልሰጠኋቸውም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነውና እነሆ ዛሬ እጮሃለሁ።

የሄድክበትን ምክንያት አውቃለሁ። እኔ ሥራውን ለምጄልሃለሁ፤ ከእንግዲህ ያለ አንተ ይቆረጣል፤ አንተ እዚያ ጠረጴዛ ጋ መቀመጥህ ለወጉ ነው። እንዲህ ብለህ ነው የሄድከው። መጀመሪያ ተናደድኩብህ። ተማሪው ስላወቀ የሚያኮርፍ አስተማሪ የት አገር አለ? ብዬ ግድግዳውን ተጣላሁት። ምነው እሱ ብቻ በሆነ። ነገሩ ከዚያ የከፋ ነው።

ወረቀቱን ለትምህርት ቤቱ አስረከብኩ፤ ለልጆቹ ተመለሰ። ትንሽ ቆይቶ አንድ ከሰዓት በር ተንኳኳ። ስከፍት ልጆቹ ናቸው፤ ከነዩኒፎርማቸው፣ ወረቀታቸውን ይዘው። ከፊት ያቺ የጠረጴዛዋ ልጅ አለች።

"ጋሼ አሉ?"

"የሉም። እህታቸው ጋ ሄደዋል።"

"ወረቀታችን ስህተት አለበት።"

"ስህተትማ ይኖርበታል፣ ለዚህ አይደል በቀይ የተሰመረው?"

"አይ፣ እኛ አይደለንም የተሳሳትነው" አለች። አፈረች፤ ቢሆንም አልተመለሰችም። "ቀዩ ነው የተሳሳተው። ጋሼ ተሳስተው አያውቁም።"

ወረቀቶቹን ተቀብዬ አየሁ። ከክፍልህ ጎን የሚያስተምረውን የጂኦግራፊ መምህር ለምኜም አሳየሁት። እውነቷን ነው። የፊተኞቹ፣ አንተ የመታሃቸው፣ እየዘገየህም ቢሆን ልክ ናቸው። ከዚያ በኋላ ያሉት ግን ወየው! ሁሉም ቦታ ስሙ ላይ ቆርጫለሁ። ልጁን ከቀይ ሸሚዙ፣ ሴትዮዋን ከቤቷ፣ ውሻውን ከጅራቱ ለይቻለሁ። ልክ ያሰመሩትን ልጆች በቀይ አበላሽቻለሁ። ካርድ ክፍል እንዳለሁ ስም ሰምቼ በሩን ዘግቻለሁ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ፤ ክብርህን አተርፍልሃለሁ ብዬ አንተን ጣልኩ።

ገባህ? አልተማርኩም። ያወቅሁ መስሎህ ነው የሄድከው፤ አላወቅሁም። እስክሪብቶዬ የቀደመህ ስለምችል አልነበረም። ስለፈራሁ ነው።

ልጅቷን "ያረምኩት እኔ ነኝ" አልኳት። "እናውቃለን፣ እርስዎ ነበሩ የሚያሰምሩት" አለችኝ። "ግን የሚቆርጡት እሳቸው ነበሩ።" ለካ ሁሉን ያውቁ ነበር። እኛ እቤታችን ተደብቀናል ስንል ክፍሉ በሙሉ ከእኛ ጋር ተደብቆ ኖሯል።

ከዚያ ሊሄዱ ሲሉ ዞር ብላ "ጋሼ የተቀየሙን በዚያን ቀን ትክክል ስላልናቸው ነው?" አለችኝ።

"አዎ" አልኳት። ምን ብዬ ልዋሻት? "አዘኑልኝ ብለው ነው።"

"አላዘንንም እኮ" አለች። "ፈርተን ነው። ሰውዬው ጋሼን እንዳይወስዱብን ፈርተን ነው።"

ይህን ነው ልነግርህ የፈለግሁት። ለዚህ ነው ደብዳቤው። አዘኑልኝ ብለህ ነው ያኮረፍከው፤ ልጆቹ ለራሳቸው ፈርተው ነው። እኔም ያን ቅዳሜ ያዘንኩልህ መስሎኝ ነበር፤ በኋላ ሳስበው ለራሴ ነው የፈራሁት። ቀለበቱ እየቆየ በመጣ ቁጥር አንድ ቀን ጭራሽ ቢቀርስ ብዬ ፈራሁ። ፈርቼም ያንኑ አመጣሁት።

አሁን ስላለው ልንገርህ፤ አላሳምርልህም። ክፍልህን አንድ ወጣት መምህር ይዞታል። ጎበዝ ነው አሉ። ዳይሬክተሯ ትምህርት ሲከፈት ካልመጣህ የጡረታህን ነገር እጨርሳለሁ ብላለች። ከመጣህ የሚያነብልህ ሰው አጠገብህ እንዲቀመጥ እፈቅዳለሁ አለችኝ፤ ከአንጀቷ ትሁን ከአንገቷ አላውቅም። ወረቀቶቹ ጠረጴዛው ላይ ናቸው። ልጆቹ ጋሼ ካላረሙት አንቀበልም ብለው ጥለውልኝ ሄደዋል። ቅዳሜ ከሰዓት እቀመጥና ጮክ ብዬ አነባለሁ። መቆረጫው ይመስለኛል ያልኩት ቦታ ላይ ቆም እላለሁ። ቤቱ ጭጭ ይላል። እስክሪብቶውን እከድነውና ልብስ ወደ ማጠፌ እመለሳለሁ። ካርድ ክፍል ያሉት ባልደረቦቼ ባልሽ እንዴት ነው ሲሉኝ "ተኝቷል" እላቸዋለሁ። ከእትዬ የተማርኩት ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ስንት ዓመት ያልተባለ። እትዬ፣ ይቺን ቃል ሳያለሳልሱ ያንብቧት።

ታውረሃል። ዓይንህ አይመለስም። ጠብታው አይሠራም፤ ከሠራም ድሮ ነበር። ባሌ ዕውር ነው። ይኸው ጻፍኩት፤ ጣራው አልወደቀም። ካርድ ክፍል ለሚጠይቁኝም ከነገ ጀምሮ እንዲሁ ብዬ እነግራቸዋለሁ። የልጆቹ ጽሑፍ ደህና ነው፤ ምንም ሆኖ አያውቅም። ይህን አፍ አውጥተን ብንባባል ኖሮ ምናልባት ያን ቀን ሱፐርቫይዘሩን "አላይም፣ ያንብቡልኝ" ትለው ነበር፤ ሰሌዳውን ለአንድ ልጅ ትተህ አንተ ጣትህን ታጮህ ነበር። ምናልባት። አሁን ምን ዋጋ አለው።

ላትመጣ እንደምትችል አውቃለሁ። አንዴ ከቆረጥክ የምትመለስ ሰው አይደለህም፤ ስምህንም ያገኘኸው በከንቱ አይደለም። እህትህ ቤት ይሞቃል፤ እትዬም በእውነት ይወዱሃል፤ ይህን ስጽፍ ቅር እያለኝ ነው ግን እውነት ነው። ካልመጣህ ወረቀቶቹን ለወጣቱ መምህር እሰጣለሁ፤ ልጆቹም ይለምዱታል። ልጅ ይለምዳል። እኔ ነኝ የማልለምደው።

ፖስታው ውስጥ በጥጥ የተጠቀለለ፣ የሆስፒታል ፕላስተር የተለጠፈበት ነገር አለ። ቀለበትህ ነው። እትዬ፣ እባክዎ እጁ ላይ ያድርጉለት። እምቢ ካለ አያስገድዱት፤ አጠገቡ ያኑሩለትና ይንገሩት፤ በእጁ ዳብሶ ያገኘዋል። ከዚያ ጠረጴዛ ፊት ያስቀምጡት። እርስዎ ጋ ያለው ጠረጴዛ ላስቲክ የለበሰ እንደሆነ ላስቲኩን ያንሱለት።

ቀጥሎ አንድ የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር አለ። በሕይወቴ ራሴ የሠራሁት የመጀመሪያው ነው፤ ቢሳሳትም አይፍረዱብኝ። እንዲመችዎ በእኛ ፊደል ጽፌዋለሁ። የት እንደሚቆረጥ አላሰመርኩም፤ ከእንግዲህ ቀድሜ አላሰምርም። አይቸኩሉ። ሁሉንም ቃል እኩል አድርገው፣ ሰው እንደማይጠሩ ሆነው ያንብቡት። እያነበቡ ቀለበቱን ይስሙ፤ ሌላ ምንም አይናገሩ። ከሰሙ ለእኔ ደውለው አንድ ቃል ቢሉኝ ይበቃኛል። ካልሰሙም ይደውሉልኝ። "ተኝቷል" ግን አይበሉኝ።

ቀዩን እስክሪብቶ ከድና የምትጠብቅህ፣
የካርድ ክፍሏ ሚስትህ

ዘ ቴብል ባይ ዘ ዊንዶው ኢዝ ዌይቲንግ ፎር ማይ ሀዝባንድ።